ያቋረጥነውን ንባብ በየትኛው መጽሐፍ እንጀምር?

የወላጆች ስብሰባ በተደረገ ቁጥር ሳይነሣ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። «ልጆቻችን አማርኛ ይሰማሉ፤ ማንበብ ግን አይወዱም። ምን ብናደርግ ይሻላል?» ይባላል። የቤት ሥራ ይብዛ የሚል አለ፤ ጽሑፍ ይገልብጡ የሚል አለ፤ ስልኩን መንጠቅ ነው የሚልም አይጠፋም። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የአማርኛውን ክፍል ከሚያግዙት አንዷ ስለሆንሁ ጥያቄውን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ዘንድሮ ለዓመታዊ መጽሔታችን ጻፊ ስባል ግን ጥያቄውን ትንሽ አዙሬ ላቅርበው ብዬ አሰብሁ። እቤት ውስጥ ልብ ወለድ ይዞ፣ ቡናው እስኪቀዘቅዝበት ድረስ ሲያነብ ልጁ ያየው ትልቅ ሰው ማን ነው?

ይህን የምለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ከመካከላችን ብዙዎቹ ድሮ አንባቢ ነበሩ። አዲስ አበባ ያደገ ሰው መጽሐፍ በቀን ሒሳብ የሚያከራዩትን ትንንሽ ሱቆች ያስታውሳል። የሁለተኛ ቀን ኪራይ እንዳይቆጠርበት ሌሊቱን በሻማ አንብቦ ጠዋት የሚመልስ ነበር። በየክፍለ ሀገሩም አንዲት መጽሐፍ ሽፋኗ እስኪላቀቅ ከቤት ወደ ቤት ትዞር ነበር። ደብተር መሐል ሸሽጎ፣ መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሲጽፍ እሱ ልብ ወለዱን የሚገልጥም አይጠፋም። ከዚያ ኑሮ መጣ። ናይሮቢ መግባቱ፣ ወረቀት ማስጨረሱ፣ ኪስዋሂሊ መልመዱ፣ የቤት ኪራዩ። የካሳራኒ ሰው ውሎ ይታወቃል፤ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ በቲካ መንገድ በማታቱ መሄድ፣ ሱቅ ያለውም እስከ ማታ ሦስት ሰዓት መቆም፣ ቤት ሲገባ ደግሞ ስልክ። ንባቡን ማንም «ከዛሬ ጀምሮ ትቼዋለሁ» ብሎ አላቆመውም፤ ሳይታወቅ ነው የቀረው።

ተመልሶ ማንበብ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያነሣው «የሚጠቅም» መጽሐፍ ነው። ስለ ንግድ ስኬት፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም ወይም ስድስት መቶ ገጽ ያለው የታሪክ መጽሐፍ ይገዛል። ሃያ ገጽ ያህል ይሄዳል። አንድ ቀን ይደክመዋል፣ በማግስቱ እንግዳ ይመጣል፣ ከሳምንት በኋላ መጽሐፉ ቴሌቪዥኑ ጎን አቧራ ይለብሳል። መጽሐፉ መጥፎ ሆኖ አይደለም። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ቢከደን የሚጎዳ ሰው ስለሌለ ነው። ምክሩ ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው ይቆየናል። ልብ የሚነካ ልብ ወለድ ግን ስንከድነው አንድ ሰው ችግር ላይ ጥለን ነው የምንነሣው። ሰውዬው መንገድ ላይ ነው፣ ወይም ልጅቷ አባቷ ሊድራት ቀን ቆርጦባታል። ማታቱ ውስጥ ቆመን እንኳ «ምን ሆነች ይሆን?» እንላለን። ወደ መጽሐፉ የሚመልሰን ይህ ጭንቀት ነው እንጂ ቆራጥነት አይደለም። ስለዚህ ንባብ ላቋረጠ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው የሚያስተምረው ሳይሆን የሚያሳስበው መጽሐፍ ነው ባይ ነኝ።

የሥነ ልቦና ሰዎችም በዚህ ዙሪያ ያጠኑት አለ። ሜላኒ ግሪን እና ቲሞቲ ብሮክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ አንባቢ በታሪክ ሲወሰድ ሐሳቡ፣ ስሜቱና በዓይነ ሕሊናው የሚያየው ነገር ሁሉ ወደ ታሪኩ ተሰብስቦ አካባቢውን እንደሚረሳ አስረድተዋል። አያቶቻችን ተረት እየነገሩን ወጡ እስኪያር ስንረሳ ያዩት ነገር ነው። ስለ ልማድ ደግሞ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው ነበር። አንድ አዲስ ነገር ያለ ትግል የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚፈጅ አግኝተዋል፤ አንዳንዱ በ18 ቀን ለመደ፣ አንዳንዱ ወደ 254 ቀን የሚያስፈልገው ሆነ። ጥናቱ ስለ ምግብ፣ ስለ መጠጥና ስለ እንቅስቃሴ እንጂ ስለ መጻሕፍት አልነበረም፤ ቢሆንም ሁለት ነገር እንወስድበታለን። አንደኛው፣ አንድ ቀን መዝለል ነገሩን አያፈርሰውም። ሁለተኛው ሒሳብ ነው፤ በቀን 10 ገጽ ያነበበ ሰው በ66 ቀን 660 ገጽ ይዘልቃል። ይህ ከፍቅር እስከ መቃብር ይበልጣል። እንግዲህ አንድ ትልቅ መጽሐፍ እስከ መጨረሻው ይዞን ከሄደ፣ ስንከድነው ልማዱም አብሮ ተሠርቷል ማለት ነው።

ፍቅር እስከ መቃብርን ካነሣሁ ላይቀር ጥቂት ልቆይበት። ሐዲስ ዓለማየሁ ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። እሳቸው ራሳቸው ጎጃም ውስጥ የቤተ ክህነት ትምህርት የተማሩ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ዘምተው ተማርከው ጣሊያን አገር ታስረው የኖሩ፣ በኋላም በዲፕሎማትነት ያገለገሉ ሰው ናቸው። ስለዚህ ቆሎ ተማሪው ሲራብ፣ መሪጌታው ሲቆጣ፣ ፊታውራሪው ግብር ሲጠይቅ የሚጽፉት ከውስጥ ሆነው ነው። ስለዚህ መጽሐፍ ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። ርዕሱ መጨረሻውን ነግሮናል። መቃብር ብሎ ነው የጀመረው። እንዲያም ሆኖ ስድሳ ዓመት ሙሉ ሰው እያነበበ ያለቅሳል። የሚጎትተን «ምን ይሆን?» የሚለው ብቻ ቢሆን ኖሮ ርዕሱ ላይ ባቆምን ነበር። የሚጎትተን በዛብህ ነው፤ ሰብለ ወንጌል ናት።

ልዩነቱ ለምርጫ ይጠቅማል። ልብ አንጠልጣይ የሚባሉት መጻሕፍትም ሰውን ያስነብባሉ። የይስማዕከ ወርቁ ዴርቶጋዳ በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ መጽሐፍ ነክቶ የማያውቅ ወጣት ሁሉ በእጁ ይዞት ነበር፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ምስጢር የያዘ መጽሐፍ ምስጢሩ ሲፈታ አንባቢውንም ይፈታዋል። ሰው የያዘ መጽሐፍ ግን ካለቀም በኋላ ይከተላል፤ በዛብህን ያወቀ ሰው ሌላ በዛብህ ፍለጋ ሌላ መጽሐፍ ያነሣል። ሁለተኛው መጽሐፍ ደግሞ ለልማድ ከመጀመሪያው ይበልጥ ወሳኝ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ፍቅር እስከ መቃብር ቶሎ አይነሣም። ታሪኩ የሚጀምረው ማንኩሳ ላይ፣ ገና በዛብህ ሳይወለድ፣ በአባቱ በቦጋለ መብራቱና በእናቱ በውድነሽ በጣሙ ጋብቻ ነው። ዲማ ጊዮርጊስ ደርሶ ከሰብለ ጋር እስኪገናኝ ብዙ ገጽ አለ። ከንባብ የራቀ ሰው «የፍቅር መጽሐፍ ነው አላላችሁም እንዴ?» ብሎ እዚህ ላይ ሊያቆም ይችላል። እኔ የምመክረው ያንን ክፍል እንደ አንድ ለብቻው የቆመ ታሪክ ማንበብ ነው። ሁለት ብዙ ያዩ ሰዎች ተጋብተው ልጅ ሲያገኙ፣ ልጁ በሕመም ሲያሰጋቸው እናትየው ለእግዚአብሔር ስእለት ስትሳል፣ ስእለቱ በኋላ የልጁን ሕይወት እንዴት እንደሚያስር እያሰቡ ማንበብ። ወላጅ የሆነ ሰው ይህን ክፍል በጉርምስናው ካነበበው በጣም በተለየ ልብ ነው የሚያነብበው። እዚህ ናይሮቢ ልጅ የምናሳድግ ሰዎች ለልጆቻችን ሳንጠይቃቸው የተሳልነው ስንት ስእለት አለ? ዶክተር ትሆናለህ፣ አገር ቤት ትመለሳለህ፣ የኛን ሰው ታገቢያለሽ። ውድነሽን የምፈርድባት አይመስለኝም።

ማንበብ ለከበደው ደግሞ ድምፅ አለ። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተከታታይ ሲተርከው፣ ፊደል ያልቆጠሩ እናቶች ሳይቀሩ ሰብለን እንደ ጎረቤታቸው ልጅ አወቋት። ትረካው ዛሬ በዩቲዩብም ይገኛል። መጽሐፉን ገልጦ በዓይን እየተከተሉ በጆሮ መስማት ለአዋቂም ለልጅም ጥሩ መንገድ ነው። ዓይኑ ሲዝል ጆሮው ይሸከመዋል፤ በተለይ ፊደል እየለየ ግን ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ ትርጉሙ ለሚጠፋበት የኛ ተማሪ። እዚህ ላይ ግን ሬዲዮው ያደርግ የነበረውን አንድ ነገር እንዳንረሳ። ትረካው እየቆመ በሌላ ቀን ነበር የሚቀጥለው፤ በመካከሉ ያለውን ቀን ሰው እያወራ ይጠብቅ ነበር። ዛሬ ሁሉንም በአንድ ሌሊት አዳምጠን ብንጨርሰው ያ ጥበቃ ይቀርብናል።

ልብ የሚነካ ታሪክ በክፉ ጊዜ ምን እንደሚሠራ ለማየት ሁለት እስር ቤቶችን ላንሣ። አንደኛው አዲስ አበባ ነው። ገጣሚው፣ ጸሐፌ ተውኔቱና በኋላ የአዲስ አድማስ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ የነበረው ነቢይ መኰንን በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ነበር። እዚያ የማርጋሬት ሚቸል መጽሐፍ እጁ ገባ፤ በ1936 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሚተርከው ትልቁ ልብ ወለድ። ወረቀት አልነበረም። ነቢይ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚገኘው ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ እየተረጐመ ጻፈው፤ የጻፈውንም አብረውት ለታሰሩት ያነብላቸው ነበር። ወረቀቶቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ነበሩ፤ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ እየተደበቁ ጥቂት በጥቂት ከእስር ቤቱ ወጡ። ከተፈታ በኋላ ተሰባስበው «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርዕስ ታተሙ። ነቢይ በ2016 ዓ.ም. አርፏል።

እስረኞቹ የራሳቸው መከራ አንሷቸው ነው ወይ የአንዲት አሜሪካዊት መከራ የሰሙት? ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። እኔ እንደሚመስለኝ የራስ መከራ መልክ የለውም። መቼ እንደሚያልቅ አይታወቅም፤ ማን እንደሚወጣ፣ ማን እንደሚቀር አይታወቅም። የልብ ወለድ መከራ ግን መነሻና መድረሻ አለው፤ ተከታትለነው እስከ ዳር ልንሄድ እንችላለን። ለማታ የሚጠበቅ ምዕራፍ መኖሩ ቀኑን ቀን ያደርገዋል። (ልጆች ይህን መጽሐፍ ሲያነብቡ ግን የባርነትን ነገር በባሪያ አሳዳሪዎቹ ዓይን የሚያይ መሆኑን መንገር ተገቢ ነው። የሚያስለቅስ መጽሐፍ ሁሉ ያስለቀሰን በትክክለኛው ሰው ላይ ነው ማለት አይደለም።)

ሁለተኛው እስር ቤት ከኛ ሰፈር ብዙ አይርቅም። ከሮይሳምቡ ወደ ካሚቲ መንገድ የሚታጠፈውን ማታቱ የያዘ ሰው ስሙን በየቀኑ ይሰማል። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በ1977 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ተይዞ በካሚቲ እስር ቤት ያለ ፍርድ አንድ ዓመት ያህል ቆየ። የታሰረው በሊሙሩ አካባቢ፣ በካሚሪቱ፣ ገበሬዎችና ሠራተኞች በራሳቸው ቋንቋ በኪኩዩ ከተጫወቱት ቲያትር በኋላ ነበር። እዚያው ክፍሉ ውስጥ በመጸዳጃ ወረቀት ላይ በኪኩዩ ልብ ወለድ ጻፈ፤ ዋሪንጋ ስለምትባል፣ ከተማው ስላሠቃያት ወጣት ሴት። መጽሐፉ በ1980 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የሆነውን ንጉጊ ራሱ በኋላ ጽፎታል። ማንበብ የሚችለው የቤተሰቡ አባል ለሌሎቹ ያነብላቸው ነበር። ሠራተኞች በምሳ ሰዓት ተሰብስበው፣ ተሳፋሪዎች በማታቱ ውስጥ፣ ጠጪዎች በቡና ቤት ይሰሙት ነበር። ቡና ቤት ውስጥ የሚያነብበው ሰው ታሪኩ የሚሞቅበት ቦታ ላይ ሲደርስና ብርጭቆው ሲጎድል መጽሐፉን ያስቀምጣል፤ ሰሚዎቹ ይቀዱለታል፣ ይቀጥላል። ንጉጊ በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ሲያርፍ ኬንያውያን ጎረቤቶቻችን ምን ያህል እንዳዘኑ አይተናል።

ከሁለቱ ታሪኮች ለቤታችን የምንወስደው አለ። ልብ የሚነካ ታሪክ ለብቻ ብቻ የሚነበብ አይደለም፤ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ይበረታል። የሚቆምበት ቦታም ትልቅ ጥበብ ነው። ብዙዎቻችን ምዕራፍ ስንጨርስ መጽሐፉን እንከድናለን። ምዕራፍ ሲያልቅ ግን ነገሩ ረግቧል፤ ለነገ የሚጠራን የለም። እንደዚያ የቡና ቤት አንባቢ መሐል ላይ፣ በሩ ሲንኳኳ፣ ደብዳቤው ሳይከፈት ማቆም ነው። ትንሽ ጨካኝ ነገር ነው፤ ይሠራል ግን። ልጆች ጋር ስሞክረው «እትዬ አንድ ገጽ ብቻ!» የሚለውን ልመና ሰምቼበታለሁ፤ እኔም እንደ መርካቶ ነጋዴ ዋጋዬን አልቀንስም።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። «የትኛው መጽሐፍ ልብ ይነካል?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። የማንን ልብ? መቼ? አንድ መጽሐፍ የሚነካን ራሳችን ቀድሞ የሚያመን ቦታ ላይ ሲያርፍ ነው። ሥራና የቤተሰብ ኃላፊነት የሚወደውን ነገር ያስተወው ሰው የበዓሉ ግርማን ከአድማስ ባሻገር ቢይዝ ከአሥረኛው ገጽ ጀምሮ ራሱን ያገኛል። በ1962 ዓ.ም. የታተመ ነው። አበራ ወርቁ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ በአንድ ወገን የቢሮ ኑሮና የቤተሰብ ግፊት፣ በሌላ ወገን ሥዕልና ጽሑፍ ይጎትቱታል። ከፍቅር እስከ መቃብር በጣም ያነሰ፣ ቋንቋውም የከተማ ሰው ቋንቋ ስለሆነ ቶሎ የሚሄድ መጽሐፍ ነው። ንባብ ላቋረጠ አዋቂ አንድ መጽሐፍ ብቻ ምረጪ ብባል ይህን የምመርጥ ይመስለኛል።

የበዓሉ ሌላው መጽሐፍ ኦሮማይ ጉዳዩ ይለያል። በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ታሪኩ ስለ ቀይ ኮከብ ዘመቻ ነው። ጋዜጠኛው ጸጋዬ እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ አስመራ ይሄዳል፤ እዚያ ከፊያሜታ ጋር ይገናኛል። ኃይለኛ መጽሐፍ ነው፤ ይዞ አይለቅም። ነገር ግን ከመካከላችን ጦርነት ሸሽተው የመጡ፣ ወንድም ወይም ልጅ ያጡ አሉ። ቁስሉ ትኩስ ለሆነ ሰው ይህን «ማንበብ ትለምዳለህ» ብሎ መስጠት ደግ ሥራ አይመስለኝም። በአንዲት እናት ያየሁት ነው፤ ሐዘን ላይ ሳለች የመጣላት የሐዘን መጽሐፍ ሳይሆን የሚያስቅ የልጅነት ታሪክ ነው ወደ ንባብ የመለሳት። ልብ መንካት ማለት ማስለቀስ ብቻ አይደለም። ደስታም ይነካል፤ ናፍቆትም፣ እልህም ይነካል።

እልህ ለሚወድ አንባቢ የአቤ ጉበኛ አልወለድም አለ። ገና በማኅፀን ያለ ጽንስ ፍትሕ ወደሌለበት ዓለም አልመጣም ብሎ የሚከራከርበት መጽሐፍ ነው። በንጉሡ ዘመን ታትሞ ታግዷል። ወጣቶች ሐሳቡን ሲሰሙ ብቻ «እውነት እንዲህ ተጽፏል?» ይላሉ፤ ያ ጥያቄ መጽሐፉን ለማስከፈት በቂ ነው። የተማሪ ቤት ፍቅር ለሚፈልግ የሲሳይ ንጉሡ ሰመመን የአንድ ትውልድ ትዝታ ነው። የዳኛቸው ወርቁን አደፍርስ እና የአዳም ረታን ግራጫ ቃጭሎች ግን ለመጀመሪያ አልመክርም። ሁለቱም ትልልቅ ሥራዎች ናቸው፤ አደፍርስ በ1962፣ ግራጫ ቃጭሎች በ1997 ዓ.ም. የወጡ። ሆኖም አንባቢያቸውን ብዙ ያሠሩታል። ጉልበት የቆመበት ሰው መጀመሪያ ሜዳ ላይ ይራመዳል እንጂ እንጦጦን አይወጣም። ልማዱ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ በአዳም ረታ ጀምሮ ሌላ አላነብም የሚል ሰውም አውቃለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ መለየት ያስፈልጋል። የሚነካ እና የሚያስለቅስ ብቻ የሆነ መጽሐፍ አንድ አይደሉም። ሰው ሳያስተዋውቀን ገድሎ አልቅሱ የሚለን መጽሐፍ አለ፤ እናለቅሳለን፣ በማግስቱ የሟቹን ስም እንኳ አናስታውስም። ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ። ሠላሳ ገጽ ካነበብን በኋላ መጽሐፉን ከድነን አንዱን ገጸ ባሕርይ ለሌላ ሰው ስለ ጎረቤት እንደምናወራ ማውራት ከቻልን፣ እሱ መጽሐፍ ይዞናል። «አንድ ልጅ አለ፣ ያዝናል» ብቻ ከሆነ የምንለው ሌላ እንፈልግ። ሠላሳ ገጽ አንብቦ መተው ነውር አይደለም። ድሮ የተከራየነው መጽሐፍ ካልጣመን በማግስቱ መልሰን ሌላ እንወስድ አልነበረም?

ስለ ልጆቹ ደግሞ። የኛ ልጆች በእንግሊዝኛ ተምረው፣ በኪስዋሂሊ ተጫውተው፣ በአማርኛ የሚላኩ ናቸው። አማርኛ «ና፣ ሂድ፣ ብላ፣ ተኛ» የሚባልበት ቋንቋ ብቻ ሆኖ ከቀረ ለምን ያነብቡታል? ልብ ወለድ ሌላውን አማርኛ ያሳያቸዋል፤ ሰው በፍቅር ሲንተባተብበት፣ ጉዱ ካሳ በጌቶች ወግ ላይ ሲሳለቅበት፣ እናት ብቻዋን ስትጸልይበት። ከዚህ በፊት አንድ የ13 ዓመት ተማሪያችን ከአባቱ ጋር አንድ አንድ ገጽ እየተቀባበሉ ማንበብ ጀምረው ነበር። ልጁ «ጭሰኛ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ አባትየው ስለ ገዛ አያቱ መሬት ሲያወራለት አመሸ። የዚያን ቀን ሁለት ገጽ ብቻ ነው የተነበበው፤ ለኔ ግን ከሃያ ገጽ ይበልጣል። አባትየው ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ለብቻው ይዞ ቀጠለ፤ ልጁም ማታ ማታ «የት ደረስክ?» እያለ ይጠይቀዋል።

አማርኛው ጨርሶ ለከበዳቸው ትልልቅ ልጆች ኦሮማይ በ2025 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ታትሟል፤ ወላጅ በአማርኛው፣ ልጅ በእንግሊዝኛው አንድ መጽሐፍ ሊያነብቡ ይችላሉ። የኬንያውን ጓዳም አንርሳ። የንጉጊ ዊፕ ኖት ቻይልድ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ ንጆሮጌ የሚባለው ልጅ የትምህርት ጥማትና የቤተሰቡ መከራ ለኛ ልጆች እንግዳ አይደለም። የማርጋሬት ኦጎላ ዘ ሪቨር ኤንድ ዘ ሶርስም የአንድ ቤተሰብ ሴቶችን ከትውልድ ትውልድ የሚከተል ነው። አንዳንዶቹ ልጆች «እሱማ የፈተና መጽሐፍ ነው» ብለው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ፈተና ያላስጠላው መጽሐፍ የለምና ከፈተናው በኋላ እንደገና ይሞክሩት። በማንኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ልቡ በመጽሐፍ የተነካ ልጅ ወደ አማርኛው መምጣቱ ይቀላል።

መጽሐፍ ከየት ይገኛል ለሚለው፣ ዋናው መንገዳችን አሁንም የመንገደኛ ሻንጣ ነው። አዲስ አበባ የሚሄድ ዘመድ ሲጠይቃችሁ በርበሬና ሽሮ ብቻ አትዘዙ። ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ካሉት የአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች አንድ ሁለት ልብ ወለድ ያምጣላችሁ፤ ርዕሱን ጽፋችሁ ስጡት፣ አለዚያ የሚመጣው ስለ ስኬት የሚናገር መጽሐፍ ነው። እዚህም ብዙ ቤት ውስጥ ካርቶን ተደርገው አልጋ ሥር የተቀመጡ መጻሕፍት እንዳሉ አውቃለሁ። ት/ቤታችን አንድ መደርደሪያ አዘጋጅቷል፤ ቅዳሜ ከክፍል በኋላ ክፍት ነው። የሚያመጣ ሰው በመጀመሪያው ገጽ ላይ በእርሳስ አንድ ነገር እንዲጽፍልን እንለምናለን። መጽሐፉን መጀመሪያ ያነበበው የት ሆኖ ነበር፣ የትኛው ገጽ ላይስ ሲደርስ መተኛት አቃተው?